የእምቢዬ ድንጋይ

ትናንት ጎረቤቴ አስካለች ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ጆሮዬን ደቅኜ አይደለም፤ ድንች ስልጥ የምቀመጠው አጥሩ ሥር ስለሆነ ነው። ደግሞ እሷም ብትሆን ስልክ ስትይዝ አትናገርም፣ ትጣራለች።

"ልጄን ክፍልህን አጽዳ አልኩት፣ እምቢ አለኝ፤ ስልኩን ቀማሁት" ትላለች። "አሁንስ አልኩት፣ አሁንም እምቢ፤ ኳሱን ቀማሁት። ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ሲለኝ ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ይኸው አራት ቀናችን! ክፍሉም አልጸዳ፣ እኔም ድራማዬን አላየሁ። አሁን ምን ልቀማው? የምቀማው አለቀብኝ እኮ!"

አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ንድድ አለኝ። እኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለው ነገር አባባል አለ። ሁሉም ይለዋል፤ አስካለችም ስትለው ሰምቻታለሁ። ከየት እንደመጣ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስላቸው። ኤዲያ! ከሰማይ አልወረደም። ከጋሽ ደምሰው ግቢ ነው የወጣው፣ እኔም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልንገራችሁ።

ጋሽ ደምሰው የእድራችን ዳኛ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ሰፈር ሁሉ የሚታረቀው በሱ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ እሱ፣ የአጥር ድንበር ቢገፋ እሱ። ረጋ ያለ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው። የገዛ ልጁ ጋ ሲደርስ ነው ጉዱ።

ልጅቷ ብርቅነሽ ትባላለች፣ ብርቄ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰፈሩ ግን ብርቄ የሚላት የለም፤ "እምቢዬ" ነው የሚላት። ነይ ሲሏት አልመጣም፣ አትምጪ ሲሏት እመጣለሁ። እናቷ አልጋነሽ ዝናብ መጣ ልብሱን አስገቢ ስትላት ልብሱ ሥር ቆማ አብራ ትበሰብሳለች። አስተማሪዋ ወላጅ አምጪ ሲላት "ወላጆቼ ሥራ አላቸው፣ አንተ ሂድባቸው" ትለዋለች። ምላሷ እሳት ነው። ደግሞ ስትቆጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ፊቷ ሁሉ ይለዋወጣል፤ ከዚያ ጓሮ ሄዳ ብቻዋን ታለቅሳለች። ይህንን ግን ከኔና ከእናቷ በቀር ያየ የለም። እኔም ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው፣ አልዋሽም።

መካሪው ደግሞ መዓት! ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ። ጠበል ውሰዷት ያለ አለ። በሳማ ግረፏት ያለም አለ። እኔም አፌን ይቁረጠውና "በርበሬ አጥኗት" ብዬ ነበር። አጠኗትም። ልጅቷ ስታስል ሰንብታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ምን ይመስላችኋል? "እምቢ።" እስከ ዛሬ ያንን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ነበረች እምቢዬ ሳትሆን ብርቄ የምትሆንላት፤ ጓደኛዬ ደብሪቱ። ደብሪቱ ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ከቤት ስትኮበልል እዚያ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ሽንኩርት የምገዛ መስዬ ቆሜ አየኋቸው።

"ብርቄ፣ ድንቹን በመደብ በመደብ ትደረድሪልኛለሽ ወይስ ከሽንኩርቱ የበሰበሰውን ትለቅሚልኛለሽ?"

"ሁለቱንም አልፈልግም።"

"እሺ" አለች ደብሪቱ፤ ሥራዋን ቀጠለች። አልተቆጣች፣ አልለመነች፣ ቀና ብላም አላየቻት። እኔ እንኳ አፌን እየበላኝ ነው! ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ራሷ "ድንቹን" አለችና ተቀመጠች። ስትጨርስ ደብሪቱ መደቡን ዞር ዞር ብላ አየችና "ትልልቁን ከላይ፣ ጥቃቅኑን ከሥር አልደበቅሽም። ገዢ የማያታልል እጅ አለሽ" አለቻት። የልጅቷን ጥርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኋላ ብቻዋን ሳገኛት "አንቺ፣ አበላሸሻት እኮ! እምቢ ስትልሽ እሺ ትያታለሽ?" አልኳት።

"ማን አበላሻት? መደቤ አጠገብ ሰው መሳደብ የለም፣ እጅ ማንሳት የለም። ከተሳደበች ያን ቀን ከጎኔ አትቀመጥም፤ ታውቀዋለች። ሁለት ነገር ነው የከለከልኳት። እናንተ ሃያ ትከለክሏታላችሁ፣ ሃያ ጊዜ እምቢ ትላችኋለች። ደግሞ እሷ ስትነድ እኔም ከነደድኩ ማን ሊያጠፋን ነው?"

"ጎበዝ መካሪ!" ብዬ ጥያት ሄድኩ። ያኔ አልገባኝም።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ የጋሽ ደምሰው ታላቅ ወንድም አያ ጓንጉል ከገጠር መጣ። በበቅሎ፣ ካባውን ደርቦ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ። እኔ ወንፊት ልዋስ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። (ወንፊት ነበረኝ፤ እንግዳ መምጣቱን ሰምቼ ነው።) ብርቄ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች።

"አንቺ! ያንን ጥራጊ ጣይና እግሬን እጠቢኝ" አላት፤ ሰላም እንኳ ሳይላት።

እንግዳ ሲመጣ እግሩን ማጠብ የልጅ ወግ ነው፣ እሱስ ልክ ነው። ብርቄ ግን ቀና ሳትል "ልጨርስ" አለች። ልብ በሉ፣ እምቢ አላለችም፤ ልጨርስ ነው ያለችው። አያ ጓንጉል ደብተሩን ከጉልበቷ ላይ መነተፈና ጭቃው ላይ ወረወረው።

"ሴት ልጅ ደብተር ታቅፋ ምን ልትፈለፍል ነው?"

ልጅቷ ተነሣች። እናቷ በሳፋ ያቀረበችውን የእግር ውሃ አነሣችና ግቢው መሐል ቸለሰችው። ፍንጣሪው የአያ ጓንጉልን ካባ ጫፍ አራሰው። "እምቢ! ሽባ ነህ? ራስህ እጠብ!" አለችው።

አዎ፣ ባለጌ ቃል ነው። ጥፋት ነው፣ ማን ጥፋት አይደለም አለ? ግን ጋሽ ደምሰው፣ ያ አገር የሚያስታርቀው፣ ሁለት ሰው ሲጣላ "እስቲ አንተ ተናገር፣ እስቲ አንቺ ተናገሪ" የሚለው ሰው፣ ልጁን ምን ሆነሽ ነው አላላትም። ደብተሩንም ጭቃው ላይ ረግጦት አለፈ።

አያ ጓንጉል ተቀምጦ ፈረደ። "ይህች ልጅ ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ሥር ወድቃ ይቅርታ ትጠይቀኝ። አለዚያ ሰኞ ስሄድ ይዣት ነው የምሄደው። ከብት ትጠብቅ፣ እበት ትዛቅ፤ ትምህርቱም ይቅርባት። በአንድ ዓመት እንደ ሰም አቅልጬ እመልስልሃለሁ።"

አልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፣ አንድ! ጋሽ ደምሰው ግን "እሺ አያ፣ ትሸከማለች" አለ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ድንጋይ መሸከም እኮ የትልቅ ሰው ነገር ነው። ደም ያፈሰሰ፣ ትልቅ በደል የበደለ ሰው ልቡ ሲሰበር በገዛ ፈቃዱ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ ይቀርባል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ በእጁ ያወርድለታል። በፈቃድ ስለሆነ ነው የሚከብረው። በግድ ያሸከሙት ድንጋይ ምን ያሳርቃል? ሸክም ነው እንጂ!

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደምሰው ጡብ የምታህል ድንጋይ አምጥቶ ልጁ ፊት አስቀመጠ። "ተሸከሚ።"

"እምቢ።"

"እምቢ ባልሽ ቁጥር ድንጋዩ ይጨምራል። ሰው ሁሉ ይስማ!" አለ። ሰው ሁሉ ሰማ፤ እኔም በአጥሩ ሰማሁ። ዓርብ ከጓዳው የድንጋይ ወፍጮ ላይ መፍጫውን መጅ አንሥቶ አመጣ። "ተሸከሚ።" "እምቢ።" ያን ቀን አልጋነሽ ሽሮ የምትፈጭበት አጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ቅዳሜ ደግሞ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ጉልቻውን! ሦስቱንም ከምድጃው ነቅሎ፣ ትልቁን መርጦ፣ ገና ጥላሸቱ ሳይራገፍ! ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ተነቅሎ ግቢ መሐል ሲጎለት ግን ያየሁት ያኔ ነው። እምቢዬም እምቢ አለች። ድስት የሚጣድበት ጠፍቶ ቤተሰቡ ሁሉ ደረቅ እንጀራ ሲያላምጥ ዋለ፤ አያ ጓንጉልም ጭምር፤ እሰይ!

እናቷ ደጅ ላይ ይዛኝ አለቀሰች። "ሰኞ ይወስዳታል እኮ። አባቷን ስለምነው፣ ቃሌን በሰው ፊት ተናግሬ እንዴት እመለሳለሁ ይለኛል። እሷን ስለምናት እኔንም እምቢ ትለኛለች። በሁለት እምቢ መሐል ተፈጨሁ።"

"አንቺስ የልቧን ጠይቀሻታል?" አልኳት።

"ጊዜ የት አለ? ሁላችንም ድንጋይ ድንጋይ ስንል ዋልን" አለችኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ትልቁ ባሻ ቢረሳው ነበር። የሰፈሩም ሰው እንደ ለቅሶ ቤት ሞላ። ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ጋሽ ደምሰው የለም። የት ሄደ ሲባል፣ ለካ የእድሩ ቤት ደጅ ያለውን፣ ቀብር ሲቆፈር ወጣቶች ተቀምጠው የሚያርፉበትን ድንጋይ ሊያመጣ ሄዷል!

ብቻውን ተሸክሞ መጣ። ከእድር ቤት እስከ ቤቱ፣ በዋናው መንገድ፣ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ። መንገደኛው ምን ያውቃል? ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ካየ ይቅርታ የሚለምን በደለኛ ነው። "ጋሽ ደምሰው ማንን ገደለ?" እያለ ሰው ይከተለዋል። አንዲት አሮጊት በቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ቆማ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልጄ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን" አለችው። እኔ በሳቅ ልሞት!

ግቢው መሐል ደርሶ ልጁ ፊት ቆመ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። "ሚካኤልን! ከእጄ እስክትቀበለኝ ድረስ ይህን ድንጋይ ከጫንቃዬ አላወርደውም!" አለ። "ተቀበይ።"

ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"እምቢ" አለች ብርቄ።

አይ ሰውየው! ቆመ። ምን ያድርግ? ማለ። ይጣለው ቢባል የሚካኤል መሐላ፣ ይያዘው ቢባል ወገቡ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ በአባትየው ፋንታ ልጅቷ ላይ ዘመቱ።

"አባትሽን ልትገድዪ ነው?"

"እርጉም!"

"አንጠልጥሎ ማሸከም ነው እንጂ ይህችን!"

"አላልኳችሁም? ልትወሰድ ነው የተፈጠረችው" አለ አያ ጓንጉል፤ ከወንበሩ ሳይነሣ።

እነሱ በጮኹ ቁጥር ልጅቷ ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ደረሰች። እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ድፍረት አይደለም፣ መውጫ ማጣት ነው።

ደብሪቱ ያኔ ነው የገባችው፤ ዘንቢሏን በክንዷ አንጠልጥላ። ጋሽ ደምሰውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ዘንቢሏን አስቀመጠች።

"እናንተ ሰዎች፣ ፊታችሁን ወደ አጥሩ አዙሩ።"

"ምን?" አለ ባሻ ቢረሳው።

"አዙሩ ነው የምለው! በአርባ ሰው ዓይን ፊት ማን ነው እሺ የሚለው? እርስዎ ይሉ ነበር ባሻ?"

ባሻ አጉረመረመ፣ ግን ዞረ። ሌላውም ዞረ። አርባ ሰው አጥር ሲያይ! እኔም ዞርኩ፤ በትከሻዬ በኩል ግን ሰረቅ አድርጌ አይ ነበር።

ደብሪቱ ልጅቷን አልነካቻትም፤ ግድግዳው ሥር ከጎኗ ቁጢጥ አለች። ከዚያ በቀስታ "ብርቄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት።

አራት ቀን ሙሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

"ደብተሬን ጭቃ ላይ ጣለው" አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ተቆራረጠ። "በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። ያጠናሁት ሁሉ እሱ ላይ ነው። ልጨርስ አልኩት እኮ! አባዬም ረገጠው። ማንም አላነሣልኝም።"

ጋሽ ደምሰው ከድንጋዩ ሥር ዓይኑን ጨፈነ።

"ያናድዳል" አለች ደብሪቱ። "እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ሽባ ማለትሽና ውሃውን መድፋትሽ ግን ያንቺ ጥፋት ነው፤ እሱን ኋላ አንቺው ታስተካክይዋለሽ። እንዴት እንደምታስተካክይው ራስሽ አስቢበት። አሁን ግን የአባትሽ ወገብ ሊቆረጥ ነው። በዚህ በኩል ትይዢለታለሽ ወይስ በዚያ?"

ደብሪቱ ጥያቄዋን አልደገመችም። እኔ "በይ እንጂ!" ብዬ ልጮህ ስል ብርቄ ከግድግዳው ተላቀቀች።

"በዚህ በኩል" አለች።

አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ደብሪቱ ያዙና ድንጋዩን ከአባትየው ጫንቃ ተቀብለው መሬት አስቀመጡት። ጋሽ ደምሰው እዚያው ተዘረፈጠ። ልጁን እጇን ያዛትና "አልጠየቅኩሽም" አላት፤ "ለሰው ሁሉ የምጠይቀውን ላንቺ አልጠየቅኩም።" እሷ እጇን አልነጠቀችውም። ለሷ ይህ ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ አያ ጓንጉል ዞረች፤ አገጯን ቀና እንዳደረገች። "ሽባ ማለቴና ውሃውን መድፋቴ ጥፋት ነው። እግርህን ግን አላጥብህም። ውሃ አመጣልሃለሁ፣ ራስህ ትታጠባለህ።" መልሱንም ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

"እሰይ የኔ ልጅ!" አለች እናቷ።

አያ ጓንጉል ግን ዘሎ ተነሣ። "ግማሽ ይቅርታ አልቀበልም! ድንጋዩን ትሸከም፣ አለዚያ ነገ ይዣት እሄዳለሁ!"

"ልጄ የትም አትሄድም አያ" አለ ጋሽ ደምሰው፤ ከተቀመጠበት፣ ወገቡን ይዞ። "ትምህርቷንም አታቋርጥም። ብትፈልግ ደብተር ገዝተህላት ሂድ።"

"አንተ አልጫ! በገዛ ቤትህ ሴት ልጅ ፈረደችብህ? እኔ አሸክማታለሁ!" አለና ካባውን ወርውሮ ድንጋዩን አቅፎ አነሣው። ጎበዝ ነው፣ ጉልበት አለው፣ አልዋሽም፤ ጫንቃው ላይ አወጣው። "የታለች? ሳትሸከመው እኔም አላወርደውም፣ እኔም ሚካኤልን!"

ብርቄ በሳፋ ውሃ ይዛ ወጣች። አየችው። ሳፋውን በቀስታ እግሩ ሥር አስቀመጠች፣ ሳሙናውን ከጎኑ አደረገችለት። ከዚያ ደብተሯን ፍለጋ ወደ ቤት ገባች። እሱ ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ በአቧራ የተለወሰ እግሩ ውሃው አጠገብ፣ ጎንበስ እንዳይል ሸክሙ፣ እንዳይጥለው መሐላው!

"ኧረ ጥሯት!" አለ፤ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

"ብርቄ! ነይ ተቀበይው!" አሉ ሽማግሌዎቹ። ከቤት ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንዱ ግረፏት አለ። አንዱ እናቷን አስገድዷት አለ። ባሻ ቢረሳው ተነሥቶ "እንግዲያው ከዚህ የባሰ ትልቅ ድንጋይ ይፈለግላት!" ብሎ ከዘራውን ወደ ወንዙ ሲቀስር፣ ደብሪቱ ዘንቢሏን አነሣችና አያ ጓንጉልንም ሽማግሌዎቹንም ሰፈሩንም አንድ ጊዜ በዓይኗ አዳርሳ፣ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ የሚላትን ቃል ተናገረች፦ "በእምቢታ ላይ ድንጋይ የጨመረ፣ ራሱ ተሸክሞ ቀረ።"